ማሪሶል፦ ብቸኝነት ነው ወይስ ባሕርና ፀሐይ?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ለተከበራችሁ የመጽሔቱ አዘጋጆች፤ የምኖረው በዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ ነው። የመጨረሻው ልጄ ከአንዲት የኤል ሳልቫዶር ተወላጅ ጋር ተጋብቶ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ የመጀመሪያ ልጃቸውን እየጠበቁ ነው። ሴት መሆኗ ከታወቀ ወዲህ ምራቴ «ማሪሶል» ብዬ ልጠራት እፈልጋለሁ ትላለች። የሴት አያቷ በቤት ማሪሶል እየተባሉ ይጠሩ እንደነበር፣ በመዝገብ ግን ማሪያ ሶሌዳድ እንደነበሩ ነግራናለች። ስሙ ለጆሮዬ ደስ ይላል። ነገር ግን ስፓኒሽ የሚያውቅ አንድ ዘመዳችን «ሶሌዳድ ማለት እኮ ብቸኝነት ማለት ነው» ሲለኝ ልቤ ፈራ፤ ገና ላልተወለደች ልጅ ብቸኝነትን እንዴት ስም አድርገን እንሰጣታለን? የምራቴ እህት ደግሞ፣ የለም፣ ባሕርና ፀሐይ ማለት ነው አለችኝ። እውነቱ የማናቸው ነው? የክርስቲያን ስምስ ነው? ለምንስ አንዲት ሴት በመዝገብ አንድ፣ በቤት ሌላ ስም ይኖራታል? የምጠይቃችሁ ምራቴን ቅር ሳላሰኝ ነገሩን ለመረዳት ፈልጌ ነው። አንዲት አያት፣ ከአሜሪካ

መልስ፦ ውድ እናታችን፤ እንኳን ለልጅ ልጅ አበቃዎት፤ ምራትዎንም ማርያም በሽልም ታውጣት።

ሁለቱም ሰዎች ከሜዳ ተነሥተው አልተናገሩም፤ የሰጧቸው ፍቺዎች ግን እኩል ክብደት የላቸውም። ማሪሶል፣ ማሪያ ሶሌዳድ የሚለው ጥምር ስም አጥሮና ተዋሕዶ የወጣ መጠሪያ ነው፤ በምራትዎ ቤተሰብ ዘንድ ደግሞ ይህ አያጠራጥርም፤ አያቲቱ በሁለቱም ይጠሩ ነበርና። ባሕርና ፀሐይ የሚለው ፍቺ ግን ስሙ ካጠረ በኋላ የሰው ጆሮ ያገኘው ነው። ወደዚያ እንመለስበታለን፤ አስቀድሞ ግን ልብዎን ያስፈራውን ቃል መግለጥ ይገባል፤ ምክንያቱም በዚህ ስም ውስጥ ብቸኛ የተባለችው ሕፃኗ ሳትሆን እመቤታችን ማርያም ናት።

በስፓኒሽ ተናጋሪዎች ዘንድ ማሪያ የሚለው ስም ከዘመናት ጀምሮ እጅግ የተወደደ በመሆኑ፣ በአንድ ቤት ውስጥ እንኳ ብቻውን ሰውን ከሰው ለመለየት አይበቃም። ስለዚህ ከማሪያ ቀጥሎ እመቤታችን ከምትከበርባቸው ማዕረጎች፣ በዓላት ወይም ስፍራዎች አንዱ ይጨመራል። ማሪያ ዴል ፒላር በሳራጎሳ ከተማ በዓምድ ላይ ተገለጠች ተብላ የምትከበረው ናት፤ በዓሏም ጥቅምት ወር በገባ በሁለተኛው ቀን ግድም፣ እነርሱ ኦክቶበር 12 በሚሉት ዕለት ይውላል። ማሪያ ዴል ካርመን ስሟን ያገኘችው ነቢዩ ኤልያስ የበኣልን ነቢያት ከተገዳደረበት ከቀርሜሎስ ተራራ ነው፤ በስፔን ብሔራዊ የስታቲስቲክስ ተቋም ዝርዝር ከሴቶች ስሞች ሁሉ በብዛት አንደኛ የሚቆመውም ማሪያ ካርመን የሚለው ጥምር ስም ነው። ማሪያ ዴ ላስ መርሴዴስ የምሕረት ማርያም ማለት ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1218 በባርሴሎና ከተማ ምርኮኞችን በገንዘብ ለማስፈታት ከተመሠረተው የመነኮሳት ማኅበር ጋር የተያያዘ ነው። (ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመታትም ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ማሪያ ዶሎሬስ ደግሞ የኀዘናት ማርያም ናት፤ ዶሎሬስ የተባለችውን ሰው በፍቅር ሎላ ይሏታል።

ይህ ለእርስዎ እንግዳ ነገር አይሆንም። እኛም ልደታ ስንል፣ ኪዳነ ምሕረት ስንል፣ ፍልሰታ ስንል የምንጠራት አንዲት ማርያምን ነው፤ የምንለየው የምናስባትን ጊዜና የምንለምናትን ጸጋ ነው። ሶሌዳድም እንዲሁ የአንድ ጊዜ፣ የአንድ ዕለት መታሰቢያ ነው።

ዕለቱ በእኛ አጠራር ቀዳም ሥዑር የምንለው ነው። ጌታ ዓርብ ማታ ወደ መቃብር ከወረደ በኋላ እሑድ ሌሊት እስኪነሣ ድረስ ያለው ጊዜ፣ ደቀ መዛሙርቱ ተበትነው፣ መቃብሩ ታትሞ፣ እናቲቱ ብቻዋን የቀረችበት ሰዓት፣ በስፔን ክርስቲያኖች አምልኮ ውስጥ የራሱ ስም አለው፤ ስሙም «ላ ሶሌዳድ» ነው። ከሌሎቹ የኀዘን ምስሎች ይለያል። አንጉስቲያስ በሚሏት ምስል ላይ ከመስቀል የወረደው የልጇ ሥጋ በጉልበቷ ላይ ተጋድሞ ይታያል፤ በሶሌዳድ ምስል ላይ ግን ልጁ የለም። እጆቿን ያጣመረች፣ አንዳንዴም የእሾህ አክሊሉንና ምስማሮቹን ብቻ የያዘች እናት ናት የምትታየው። እርስዎም እንደሚያውቁት፣ በእኛ ሥርዓት ከስቅለት ዓርብ አንሥቶ እህል ውኃ ሳይቀምሱ እስከ ትንሣኤ ሌሊት መቆየት አክፍሎት ይባላል፤ አባቶችም ይህ ጾም እመቤታችንና ከሐዋርያት አንዳንዶቹ ትንሣኤውን ሳናይ እህል አንቀምስም ብለው ከቆዩበት የመጣ መሆኑን ያስተምራሉ። ስፔኖች ሶሌዳድ የሚሉት ያንኑ ሌሊትና ያንኑ ቀን፣ ያቺኑ እናት ነው። ስለዚህ ምራትዎ ያመጡት ስም ከሩቅ አገር ቢመጣም፣ ትርጉሙ እርስዎ በየዓመቱ በጾምና በስግደት የሚያስቡት ነገር ነው።

አምልኮው በስፔን እንዲህ ሊስፋፋ የቻለው በአንድ የማድሪድ ምስል ምክንያት ነው። የንጉሥ ፊሊፕ 2ኛ ሦስተኛ ሚስት የነበረችው ፈረንሳዊቷ ንግሥት ኢሳቤል ዴ ቫሉዋ፣ በኀዘን ላይ ያለችውን ማርያም የሚያሳይ ሥዕል ነበራት። በማድሪድ መሐል ገዳም የነበራቸው ሚኒሞስ የተባሉ መነኮሳት በሥዕሉ አምሳል የተቀረጸ ምስል እንዲሰጣቸው ንግሥቲቱን ለመኑ፤ ሥራውም ጋስፓር ቤሴራ ለተባለው ቀራጺ ተሰጠ፤ ዘመኑ 1565 ግድም ነበር። ሲነገር የኖረው ትውፊት እንደሚለው፣ ቀራጺው ደጋግሞ ቢሞክርም ንግሥቲቱን ደስ የሚያሰኝ ፊት ማውጣት ተስኖት ተስፋ ቆርጦ ሳለ፣ በእንቅልፉ ድምፅ ሰምቶ ተነሣ፤ በምድጃ ውስጥ ሲነድ የነበረውንም ግንድ አውጥቶ አጠፋውና ከእርሱ ቀረጸው።

ምስሉ ተሠርቶ ካለቀ በኋላ ምን ይልበስ የሚለው ጥያቄ ተነሣ። የንግሥቲቱ ባለሟል የነበሩት ባለማዕረግ መበለት፣ የኡሬኛዋ ማሪያ ዴ ላ ኩዌባ፣ የራሳቸውን የመበለትነት ልብስ ሰጡ፤ ነጭ ቀሚስና ከራስ እስከ እግር የሚወርድ ጥቁር መጎናጸፊያ፣ የዚያን ዘመን የካስቲያ መኳንንት መበለቶች ባል ሲሞትባቸው የሚለብሱት ነው። በስፔንና በላቲን አሜሪካ የሚገኙ የሶሌዳድ ምስሎች እስከ ዛሬ በጥቁርና በነጭ የሚታዩት ከዚያ የተነሣ ነው። ይህን ታሪክ በሰፊው የማነሣው ያለ ምክንያት አይደለም፤ አንዲት ኀዘንተኛ ሴት ልብሷን ለእመቤታችን ስትሰጥ፣ በዚያች ሴት ፊት ሶሌዳድ ባዶ የብቸኝነት ስም አልነበረም፤ ኀዘኗን የምታውቅላት እናት ስም ነበር። የማድሪድ መበለቶችም ወደዚያ ምስል ይሄዱ የነበሩት ስለዚሁ ነው። ገዳሙ በ19ኛው መቶ ዓመት ፈርሶ ምስሉ ሳን ኢሲድሮ ወደተባለው ቤተ ክርስቲያን ተዛወረ፤ በ1936 የእርስ በርስ ጦርነቱ ሲጀመርም ከቤተ ክርስቲያኑ ጋር ተቃጠለ። ዛሬ የሚታዩት ቅጂዎቹ ናቸው።

በማድሪድ ሕዝብ ዘንድ ከሁሉ ይልቅ የምትወደደው «ላ ፓሎማ» የምትባለው ማርያምም በመሠረቱ የሶሌዳድ ሥዕል ናት። በ1787 ልጆች በአንድ ግቢ ሲጫወቱበት ያገኘችውን ያረጀ የሸራ ሥዕል ኢሳቤል ቲንቴሮ የተባለች ሴት ተቀብላ አጽድታ በቤቷ ደጃፍ ሰቀለችው፤ ሰው ይሳለመው ጀመር፤ መንገዱ የርግብ መንገድ ይባል ስለነበር ሥዕሏም «የርግቢቱ ማርያም» ተባለች። በየዓመቱ ኦገስት 15 ቀን የማድሪድ እሳት አደጋ ሠራተኞች ሥዕሏን ከመንበሯ አውርደው ለሕዝቡ ያወጧታል። ፓሎማ ተብለው የሚጠሩ የማድሪድ ሴቶች ስማቸውን ያገኙት ከእርሷ ነው፤ ስለዚህ በሥሩ ፓሎማም የማሪሶል እኅት ስም ነው ማለት ይቻላል።

ከስፔን ወደ አሜሪካ አህጉር የተሻገረው አምልኮ በሜክሲኮዋ በዋሃካ ከተማ ጠልቆ ሥር ሰደደ። በዚያ ያለው የሶሌዳድ ባዚሊካ የተሠራው ከ1682 እስከ 1690 ባለው ጊዜ ሲሆን፣ የከተማዋ ጠባቂ የምትባለው የሶሌዳድ ማርያም በዓል ዲሴምበር 18 ቀን ይከበራል። የአገሩ ሰዎች ስለ አመጣጧ ሲተርኩ፣ በ1620 በአንድ ነጋዴ የበቅሎዎች ጓዝ ውስጥ ባለቤቷ የማይታወቅ አንዲት በቅሎ ተቀላቅላ ስትጓዝ ቆይታ ከተማው ዳር ስትደርስ ወደቀች፤ ጭነቷ ሲፈታም ምስሏ በሣጥን ውስጥ ተገኘ ይላሉ። በካሊፎርኒያ ደግሞ ፍራንሲስካውያን መነኮሳት በ1791 የሶሌዳድ ማርያምን ሚሲዮን መሠረቱ፤ ዛሬ ሶሌዳድ የምትባለው ከተማ ስሟ ከዚያ የመጣ ነው። ምራትዎ በመጡበት በማዕከላዊ አሜሪካም በሰሙነ ሕማማት ጥቁር የለበሱ ሴቶች የሶሌዳድን ምስል በትከሻቸው ተሸክመው በምሽት ይዞራሉ። በስፔኗ በሳሞራ ከተማም በቀዳም ሥዑር ምሽት ሴቶች ሻማ ይዘው በ1886 በራሞን አልቫሬስ የተቀረጸችውን ሶሌዳድ ይከተላሉ። ምናልባት ምራትዎን ስለ አያታቸው ቢጠይቋቸው፣ እንዲህ ካለ ሰልፍ ጋር የተያያዘ ትዝታ ይነግሩዎት ይሆናል።

አሁን ወደ ፍርሃትዎ። እኛ ስም ስናወጣ ብዙ ጊዜ የቤቱን ሁኔታ እንናገርበታለን፤ ከኀዘን በኋላ የተወለደ ማስረሻ ይባላል፣ በሞተ ልጅ ፈንታ የመጣ ምትኩ ይባላል፤ ስሙ የወላጆቹን ልብ ያወጣል፣ አንዳንዴም ለልጁ የተመኙለትን ይናገራል። ስለዚህ እርስዎ ብቸኝነት የሚለውን ሲሰሙ ለልጅቱ የተተነበየ ነገር መስሎ ቢሰማዎት አያስገርምም። የስፔኖች ሥርዓት ግን በዚህ ረገድ ከእነ ማስረሻ ይልቅ ለወለተ ማርያም ይቀርባል። ዶሎሬስ የተባለች ልጅ ኀዘን እንዲገጥማት፣ አንጉስቲያስ የተባለች ልጅ ጭንቀት እንዲይዛት የሚመኝ ወላጅ የለም፤ የግራናዳ ከተማ ጠባቂ አንጉስቲያስ ናትና በዚያ አገር ስሙ የክብር ስም ነው። ስሙ ልጅቱን በማርያም ጥላ ሥር ያስቀምጣታል። ማሪያ የሚለው ቃል ከፊት የሚቆመውም ሶሌዳድ የማን እንደሆነች ለመናገር ነው።

ማሪያ በሌላ ስም ፊት ሲቆም በንግግር «ማሪ» ይሆናል። ማሪያ ኢሳቤል ማሪቤል ይባላል፤ የብርሃን ማርያም ማለት የሆነው ማሪያ ዴ ላ ሉስ ማሪሉስ፣ የመስቀሉ ማርያም ማለት የሆነው ማሪያ ዴ ላ ክሩስ ማሪክሩስ ይሆናል። በማሪሶልም ከሶሌዳድ የቀረችው የመጀመሪያዋ ክፍለ ቃል «ሶል» ናት። ሲጠሩትም መጨረሻው ላይ ጫን ብለው «ማሪሶል» ይላሉ። ታዲያ ሶል በስፓኒሽ ፀሐይ ማለት ነው፤ ማር ባሕር ማለት ነው፤ በመካከላቸው ያለችው «ኢ» ደግሞ በስፓኒሽ «እና» ማለት ናት። ስለዚህ ያጠረውን ስም የሰማ ስፓኒሽ ተናጋሪ ሁሉ «ባሕርና ፀሐይ» የሚል ሐረግ በጆሮው ይደርሰዋል። ነገር ግን በስፔኖች ልማድ ሁለት ነገሮችን በ«እና» አያይዞ ስም ማውጣት የተለመደ አይደለም። ሶሌዳድ የመጣውም ብቸኛ ማለት ከሆነው ሶሉስ ከሚለው የላቲን ቃል ነው፤ ፀሐይ ማለት ከሆነው ሶል ጋር በድምፅ ከመገጣጠሙ በቀር ዝምድና የለውም።

ይህን ብዬ ግን የምራትዎን እኅት ፍቺ ከንቱ ነው ለማለት አልደፍርም። አንደኛ፣ ማሪያ ዴል ሶል፣ ማለትም የፀሐይ ማርያም የሚል ስም በእውነት አለ፤ በኮርዶባ አውራጃ ያለችው የአዳሙስ ከተማ ጠባቂ የፀሐይ ማርያም ትባላለች፤ ከዚህ ስም የመጡ ማሪሶሎችም አሉ። እመቤታችንን ከፀሐይ ጋር ማያያዝም ከመጽሐፍ የመጣ ነው፤ በዮሐንስ ራእይ ምዕራፍ 12 ላይ ፀሐይን ተጎናጽፋ፣ ጨረቃ ከእግሮቿ በታች ሆና የታየችው ሴት በሠዓሊዎች ዘንድ ለማርያም ተሰጥታለች፤ በሜክሲኮ የጓዳሉፔዋ ማርያም በጨረር ተከባ የምትሣለው በዚሁ መንገድ ነው። ሁለተኛ፣ ባሕርም ከማርያም ስም ጋር የቆየ ታሪክ አለው። ቅዱስ ጄሮም የዕብራይስጡን ስም ሲተረጉም «የባሕር ጠብታ» የሚል ፍቺ ሰጥቶ ነበር፤ ይህም በላቲን በአንዲት ፊደል ልዩነት «የባሕር ኮከብ» ወደሚል ተለውጦ፣ በምዕራቡ ቤተ ክርስቲያን መርከበኞች የሚማጸኑበት የእመቤታችን መጠሪያ ሆነ። ስለዚህ ባሕርና ፀሐይ የሚለው ፍቺ የስሙ ሥር ባይሆንም፣ ከማርያም የራቀ አይደለም። ዛሬ በስፔን ዳርቻዎችና በካሪቢያን ደሴቶች ልጃቸውን ማሪሶል ከሚሉት ወላጆች ብዙዎቹ የሚያስቡት ይህንኑ የባሕርና የፀሐይ ፍቺ ነው። ተመሳሳይ ነገር ማይቴ በሚለው ስምም ደርሷል፤ ማሪያ ቴሬሳ ከሚለው ያጠረ ሲሆን፣ በባስክ ቋንቋ ግን «የተወደደች» ማለት ስለሆነ ባስኮች እንደ ራሳቸው ስም ይወዱታል።

ስሙን የተሸከሙ ታዋቂ ሰዎችም ይህን መንታነት ያሳያሉ። በ1930 ፓሪስ ውስጥ ከቬኔዝዌላ ወላጆች ተወልዳ በኒው ዮርክ ስመ ጥር የሆነችው፣ በ2016 ያረፈችው ቀራጺ ማሪሶል ኤስኮባር የመዝገብ ስሟ ማሪያ ሶል ነበር። ስሙን በ1960ዎቹ በስፔን ቤቶች ሁሉ ያስገባችው የማላጋዋ ልጅ ግን ማሪያም ሶሌዳድም አልነበረችም፤ በ1948 የተወለደችው ሆሴፋ ፍሎሬስ ናት። በ1960 ገና በልጅነቷ የመጀመሪያ ፊልሟን ስትሠራ ማሪሶል የሚል የመድረክ ስም ተሰጣት፤ ፀጉሯ ወርቃማ፣ ድምፅዋ ብሩህ ስለነበረ ሕዝቡ በስሙ ውስጥ ፀሐይን እንጂ ብቸኝነትን ሊሰማ አልቻለም። በ1970 ደግሞ ማሪሶል ማላሬት ከፖርቶ ሪኮ የመጀመሪያዋ ሚስ ዩኒቨርስ ተብላ ተመረጠች።

በመዝገብ ሌላ፣ በቤት ሌላ ስለመሆኑ የጠየቁት ቀላል ነው። በስፔን ሕግ ለአንድ ልጅ ከሁለት ነጠላ ስሞች ወይም ከአንድ ጥምር ስም በላይ አይመዘገብም፤ ለረዥም ዘመንም የቤት ማቆላመጫዎችንና አጫጭር መጠሪያዎችን መዝገብ አይቀበልም ነበር፤ ይህ ክልከላ የተነሣው በ2007 ነው። በዚህም የተነሣ በዕድሜ የገፉ ብዙ ሴቶች ወረቀታቸው ማሪያ ሶሌዳድ ወይም ማሪያ ኢሳቤል ሲል ሰው የሚያውቃቸው በማሪሶልና በማሪቤል ነው። በሜክሲኮ ሶሌዳድን ቾሌ፣ በሌላ ስፍራም ሶሌ ይሏታል።

እዚህ ላይ፣ ስለሚኖሩበት አገር አንድ ምክር እንድጨምር ይፍቀዱልኝ። ጥምር ስሞች በአሜሪካ ቅጾች ላይ ይጎዳሉ። ማሪያ ሶሌዳድ ብለው ቢያስመዘግቧት፣ ቅጹ ማሪያን የመጀመሪያ፣ ሶሌዳድን የመካከለኛ ስም አድርጎ ሊከፍላት ይችላል፤ ሕክምና ቤቱ፣ ትምህርት ቤቱና ባንኩ ሁሉ ማሪያ ብቻ ይሏታል፤ ሶሌዳድም ወደ አንዲት ፊደል ታጥራ ትቀራለች። ይህን ችግር እኛም አሳምረን እናውቀዋለን፤ ኃይለ ማርያም የተባለ ሰው «ኃይለ» ተብሎ ተመዝግቦ፣ ማርያም ወደ መካከለኛ ስም ተገፍታ፣ ወረቀቶቹ ሁሉ እርስ በርስ ሳይመሳሰሉ የስንቱ ጉዳይ ተጓትቷል። ማሪሶል ተብሎ በአንድ ቃል ቢመዘገብ ግን የሚከፈል ነገር የለውም፤ እናትና አባቷም በዚህ ረገድ መልካም ምርጫ አድርገዋል። የአባት ስም ጉዳይ ራሱን የቻለ ንግግር ይፈልጋል፤ በምራትዎ አገር ልማድ ልጅ የአባቱንና የእናቱን የቤተሰብ ስሞች አከታትሎ ይይዛል፤ በእኛ ደግሞ የአባት ስም ብቻ ይከተላል፤ ሁለቱ ወላጆች ልጅቱ ሳትወለድ ቢነጋገሩበት ይሻላል።

የክርስቲያን ስም ነው ወይ ላሉት፣ አዎን፣ በሙሉ ልብ። ከማርያም ስም የወጣ ከመሆኑ ሌላ፣ በካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን በዚህ ስም የምትጠራ ቅድስትም አለች። ሶሌዳድ ቶሬስ አኮስታ በ1826 በማድሪድ ተወለደች፤ በልጅነቷ ማኑዌላ ትባል ነበር፤ ስትመነኩስ ሶሌዳድ የሚለውን ስም ወሰደች። ድሆች ሕሙማንን በየቤታቸው እየሄዱ የሚያስታምሙ የሴቶች ማኅበር መሥርታ በ1887 አረፈች፤ በ1970 ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ጳውሎስ 6ኛ ቅድስት ብለው ሰየሟት። መታሰቢያዋ ኦክቶበር 11 ቀን ነው፤ በምራትዎ ወገን ልጅቱን በስሟ ቀን እንኳን አደረሰሽ ሊሏት ቢፈልጉ የሚመርጡት ይህን ቀን ወይም የሶሌዳድን በዓል ነው። ልጅቱ በኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ሥርዓት በሰማንያ ቀኗ የምትጠመቅ ከሆነ ደግሞ የክርስትና ስም በካህኑ ይወጣላታል፤ የዓለም ስሟ ማሪሶል መሆኑ የሚያግደው ነገር የለም። የእመቤታችን ስም በሁለቱም ወገን እንዲኖራት ከወደዱ፣ ለንስሐ አባትዎ የስሙን ትርጉም ነግረው ወለተ ማርያም ወይም አመተ ማርያም የሚለውን ማሳሰብ ይችላሉ። ምርጫው ግን የወላጆቿና የካህኑ ነው።

ጥያቄ፦ የስፔን እግር ኳስ እከታተላለሁ። ሆሴ ማሪያ የሚባሉ ወንዶች በብዛት አያለሁ፤ ማሪያ የሴት ስም ሆኖ ሳለ ለወንድ እንዴት ይሰጣል? በተቃራኒው ማሪያ ሆሴ የምትባል ሴትም ሰምቻለሁ። አንድ አንባቢ፣ ከአዲስ አበባ

መልስ፦ በስፓኒሽ ጥምር ስም ጾታን የሚወስነው ከፊት የሚቆመው ነው። ሆሴ ማለት ዮሴፍ ስለሆነ ሆሴ ማሪያ ወንድ ነው፤ ከ1996 እስከ 2004 የስፔን ጠቅላይ ሚኒስትር የነበሩት ሆሴ ማሪያ አስናር አንዱ ናቸው። ማሪያ ሆሴ ደግሞ ሴት ናት። ሁለቱም ስሞች ዮሴፍንና ማርያምን በአንድነት ለማክበር የሚሰጡ ናቸው። ማሪያ ለወንድ ብቻውን አይሰጥም፤ ከወንድ ስም ኋላ ሲከተል ግን በረከት ሆኖ ይቆጠራል። በእኛም ገብረ ማርያምና ኃይለ ማርያም የወንድ ስሞች ናቸው፤ ልዩነቱ የእኛ ስም ሰውየው ለእርሷ ምን እንደሆነ የሚናገር ቃል ከፊት ማስቀደሙ ሲሆን፣ እነርሱ ግን ሁለቱን ስሞች እንዲያው ጎን ለጎን ያኖሯቸዋል። በቤት አጠራር ሆሴ ማሪያን ቼማ ይሉታል፤ ማሪያ ሆሴን በስፔን ማሪሆሴ፣ በላቲን አሜሪካ ደግሞ ማሆ ይሏታል።